“መርሳ” የሚለው የባሕርተኞች ቃል ከሐብሩዋ መርሳ ጋር ዝምድና አለውን?

የሐብሩ ልጅ፦

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን ካለፈ በኋላ፣ ሲሪንቃ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት የሐብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ትባላለች፤ እኔም ተወልጄ ያደግሁባት ናት። በቅርቡ ለተማሪዎቼ የቀይ ባሕርን ካርታ ሳዘጋጅ ይህንኑ ስም በባሕሩ ዳርቻ ላይ በተደጋጋሚ አየሁት። በኤርትራ ጠረፍ መርሳ ፋጥማና መርሳ ተክላይ አሉ፤ በግብፅ በኩል መርሳ ዐለም አለች፤ ከዚያው አገር በሜድትራኒያን ዳር ደግሞ መርሳ መጥሩሕ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ሳዑዲ ዐረቢያ ሠርቶ የተመለሰ ጎረቤቴን ብጠይቀው “መርሳ ማለት መርከብ የሚቆምበት ማለት ነው” ብሎ በአጭሩ መለሰልኝ።

በከተማችን ስለ ስሙ አመጣጥ ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንዱ ስሙን “መርሳት” ከሚለው ግሥ ጋር አያይዞ፣ ከደጋ የወረደ መንገደኛ ጥላው ሥር አረፍ ሲል ድካሙን የሚረሳባት ስፍራ ስለ ነበረች ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ቀድሞ ከተማዋ ባለችበት ሜዳ ላይ ሰፊ ውኃ ተኝቶ ስለ ነበር ታንኳ ይቆምባት ነበር ይላል፤ ይህኛው የዐረብኛውን ትርጉም ከሰማ ወዲህ የመጣ ይመስለኛል። ሁለቱም ለጨዋታ ያምራሉ፤ ለተማሪ ግን እንዲህ ነው ብዬ ልነግረው አልደፍርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ቃሉ በባሕር ሰዎች ዘንድ በትክክል ምን ማለት ነው? ሥሩስ ከወዴት ይመዘዛል? በግእዝስ አቻ አለው? የከተማችንን ስም ከእርሱ ጋር ማዛመድስ ያስኬዳልን? ዐረብኛውንም ግእዙንም የምታውቁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


ደረሳ ነበርኩ፦

መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዎ ቃሉንና ከተማዋን አንድ ላይ ይዟል፤ እኔ ግን በቅድሚያ ቃሉን ለብቻው ልውሰድ፤ የከተማዋን ጉዳይ ከሌሎቹ ጋር ሆነን እናየዋለን።

የዐረብኛው ቃል ሥር ረ፣ ሰ እና ወ ነው። ግሡ “ጸና፣ ረጋ፣ ሳይነቃነቅ ተተከለ” ማለት ነው። መርከብ መልሕቋን ጥላ ስትቆም “ረሰት” ይባላል፤ “መርሳ” ማለት ያ መቆም የሚፈጸምበት ስፍራ ነው፤ መልሕቁ ራሱ ደግሞ በመሣሪያ ስም አወጣጥ ከዚያው ሥር “ሚርሳት” ተብሎ ይጠራል። በሥሩ ውስጥ ውኃ እንደሌለበት ልብ ይበሉ። ቃሉ የባሕር የሆነው በአገልግሎቱ ነው እንጂ በትውልዱ የሚናገረው ስለ መጽናት ነው።

ይህን ለማየት ከቁርአን የተሻለ ምስክር የለም፤ በወሎ መስጊዶች የቀራ ሰው ሁሉ አንቀጾቹን ያውቃቸዋል፤ ሥራቸው አንድ መሆኑን ግን ሁሉም ያስተዋለው አይመስለኝም። በ16ኛው ምዕራፍ በአን-ነሕል አንቀጽ 15 ላይ፣ ምድር ከሰዎች ጋር እንዳትናወጥ አላህ በላይዋ የጣላቸው ጋራዎች “ረዋሲ” ተብለው ተጠርተዋል፤ “የጸኑ፣ የተተከሉ” ማለት ነው። ጋራዎቹ “ተጣሉ” መባላቸው መልሕቅ መጣልን የሚያስታውስ ስለ ሆነ የአንቀጹ ውበት ለእኔ ከዚህ ይጀምራል። በ34ኛው ምዕራፍ በሰበእ አንቀጽ 13 ላይ ደግሞ ለነቢዩ ሱለይማን ከተሠሩት ዕቃዎች መካከል ከትልቅነታቸው የተነሣ ከተጣዱበት የማይነቃነቁ ድስቶች ተጠቅሰዋል፤ እነርሱም “ራሲያት” ተብለዋል። ጋራና ድስት አንድ ቅጽል የሚጋሩት ሁለቱም ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ ነው።

ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ግን በ11ኛው ምዕራፍ በሁድ አንቀጽ 41 ላይ ያለው ነው። ነቢዩ ኑሕ ተከታዮቻቸውን ወደ መርከቢቱ እንዲሳፈሩ ሲያዝዙ “ቢስሚላሂ መጅሬሃ ወሙርሳሃ” ይላሉ፤ መሄዷም መቆሟም በአላህ ስም ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ የመርከብ ነገር በሁለት ቃላት ብቻ ተጠቃሏል፤ አንዱ መፍሰስና መንሸራተት ነው፣ ሌላው ረግቶ መቆም ነው። ከታወቁት የቁርአን አነባበቦች አንዱ በሆነው በሐፍስ አነባበብ የመጀመሪያው ቃል “ራ” ወደ “ሬ” ዘንበል ብላ ትነበባለች፤ በዚያ አነባበብ በቁርአን ሙሉ እንዲህ ዓይነት ዝንባሌ ያለባት ብቸኛዋ ስፍራ ይህች ስለ ሆነች፣ ሕፃን ሆነን ስንቀራ ሸኾቻችን አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። ሁለተኛውን ቃል ግን የታወቁት አሥሩ ቂራአት (የቁርአን አነባበቦች) ሁሉም “ሙርሳሃ” ብለው ነው የሚያነቡት። ይህ “መርሳ” ከሚለው በአንዲት አናባቢ ይለያል፤ ልዩነቷም ትርጉም አላት። “መርሳ” መርከቢቱ ራሷ ከቆመችው ግሥ ይወጣል፤ “ሙርሳ” ግን “አቆማት፣ መልሕቅ አስጣላት” ከሚለው አድራጊ ግሥ ነው። ስለዚህ በአንቀጹ ውስጥ አቋሚ አለ፤ መርከቢቱ በገዛ ኃይሏ አልቆመችም። ይኸው “ሙርሳ” በ79ኛው ምዕራፍ አንቀጽ 42 ላይ ስለ ትንሣኤ ቀን ይነገራል፤ ሰዎች “መቆሚያዋ መቼ ነው?” ብለው ስለ ሰዓቲቱ ይጠይቃሉ፤ በማዕበል ላይ ያለች መርከብ ወዴትና መቼ እንደምትቆም እንደሚጠየቅ ማለት ነው።

ጎረቤትዎ የሰጡት ትርጉም ትክክል ነው፤ ነገር ግን “መርሳ” እና “ሚና” መለየት አለባቸው። “ሚና” ሥራ የተሠራበት ወደብ ነው፤ መድረኩ፣ መጋዘኑ፣ ማራገፊያው ያለበት። “መርሳ” ግን መርከብ ከነፋስ ተከልሎ መልሕቅ የሚጥልበት ሥፍራ ነው፤ አንዳችም ሕንፃ ላይኖርበት ይችላል። በቀይ ባሕር ዳር በኮራል ድንጋይ መካከል ወደ ውስጥ የገቡ ትንንሽ የባሕር ክንዶች ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠሩት ስለዚህ ነው። አንዳንዱ መርሳ በኋላ ሚና ይሆናል፤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ፖርት ሱዳን ነው። እንግሊዞች ሱዋኪንን የሚተካ ወደብ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1909 በሠሩ ጊዜ የመረጡት ስፍራ መርሳ ሸይኽ በርጉስ ይባል ነበር።

ቃሉ ከዐረብ መርከበኞች ጋር ርቆ ሄዷል። በማልታ መርሳሽሎክ አለች፤ “ሽሎክ” የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ስም ነው። በአልጄሪያ መርስ ኤል ከቢር፣ “ታላቁ መቆሚያ”፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1940 የፈረንሳይን መርከቦች የመታችበት ወደብ ነው። በሲሲሊ ያለችው ማርሳላም ከዚሁ ቃል እንደ ወጣች ይነገራል፤ ከፊሎቹ “የዓሊ መርሳ”፣ ከፊሎቹ “የአላህ መርሳ” ብለው ይተረጉሟታል።

በዛሬው ዐረብኛም ግሡ ከባሕር ወጥቶ ገበያ ገብቷል። በጨረታ አሸናፊው ሲታወቅ ጨረታው በእገሌ ላይ “ረሳ” ይባላል፤ ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ በአንድ ሰው ላይ ረጋ ማለት ነው። ጂዳና ሪያድ የነገዱ ያገራችን ሰዎች ይህን አጠቃቀም ሳያውቁት አይቀሩም።


ዘሐይቅ፦

ደረሳ ወንድማችን በዐረብኛው በኩል የሚቀር ነገር አላስተረፉም፤ እኔ የግእዙን ልጨምር።

በግእዝ “መርሶ” የሚል ስም አለ፤ ትርጉሙ ወደብ ነው። በመዝሙረ ዳዊት 106ኛው መዝሙር (በአንዳንድ የአማርኛ እትሞች 107) በመርከብ ወደ ባሕር ስለሚወርዱ፣ ማዕበል አንሥቶ ወደ ሰማይ ስለሚያወጣቸውና ወደ ጥልቅ ስለሚጥላቸው ሰዎች ይናገርና፣ በመጨረሻ ማዕበሉ ጸጥ ብሎላቸው ወደ ፈለጉት ወደብ እንደ መራቸው ያወሳል፤ ግእዙ በዚያ ቦታ የሚጠቀመው “መርሶ” የሚለውን ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ በአፉ አልፏል፤ ብዙው ሰው ግን ቃሉን ለብቻው አውጥቶ አይመለከተውም።

የስሙ አወጣጥ ለሰዋስው ተማሪ ግልጽ ነው። በግእዝ መድረሻው “ወ” የሆነ ግሥ በ“መ” ተነሥቶ ስም ሲሆን መጨረሻው ወደ ሳብዕ የሚያዘነብልበት ጊዜ አለ፤ መክፈቻን “መርኆ” የምንለው “ከፈተ” ከሚለው “አርኀወ” እንደ ወጣ ሁሉ፣ “መርሶ”ም በ“ወ” ከሚያልቅ ከዚያው ከረ፣ ሰ፣ ወ ነው የወጣው። ስለዚህ የዐረቡ “መርሳ” እና የግእዙ “መርሶ” አንዱ ከሌላው የተዋሰው ሳይሆን ከአንድ አያት የወረዱ ወንድማማቾች አድርጎ ማየት የሚሻል ይመስለኛል።

በአማርኛ ግን “መርሶ” አልዘለቀም። ቦታውን “ወደብ” ወሰደው፤ መሣሪያው ደግሞ በ“መልሕቅ” ቀረ፤ በሐዋርያት ሥራ 27ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስን የያዘችው መርከብ በሌሊት ከኋላዋ አራት መልሕቅ ስትጥል፣ በዕብራውያን 6፥19 ላይም ተስፋ የነፍስ መልሕቅ ሲባል የምናነበው እርሱን ነው። መርከብን ራሷን ግእዝ “ሐመር” ይላታል፤ እመቤታችንን “ሐመረ ኖኅ” ብለን የምናመሰግነው ከዚህ የተነሣ ነው። “መርከብ” የሚለው ከዐረብኛው “ረኪበ”፣ “ጋለበ፣ ተሳፈረ” ከሚለው የመጣ ነው፤ ደረሳ በጠቀሱት በሁድ ምዕራፍ ኑሕ “ተሳፈሩ” ሲሉ ያዘዙበት ግሥም እርሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የግእዙ “ረከበ” በፊደል ከዚህ ጋር ፍጹም አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ “አገኘ” ነው። ሦስት ፊደል ስለ ገጠመ ብቻ ነገሩ አንድ ነው ብሎ የሚቸኩል ሰው መርከብን “መገኛ” ብሎ ሊተረጉማት ነው!

ወደ ከተማዋ ስመጣ፣ ከሁለቱ ወሬዎች የመጀመሪያው በሰዋስው ይወድቃል። “ረሳ” በግእዙ “ረስዐ” ነው፤ ዐይን ሥሩ ውስጥ ያለች ፊደል ናት። በአማርኛ ዐይኗ ብትጠፋም ግሡ በንዑስ አንቀጹ “መርሳት” ብሎ “ት”ን ይይዛል፤ የመሣሪያና የቦታ ስም ሲወጣለትም “መርሻ”፣ “ማስረሻ” ወደሚለው ይሄዳል። ከዚህ ግሥ “መርሳ” የሚል የቦታ ስም የሚወጣበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ በእኛ አካባቢ ውኃ ስም የሰጣትን ከተማ የፈለገ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሐይቅ አለችለት። በግእዝ “ሐይቅ” የባሕር ዳርቻ፣ የውኃ ከንፈር ማለት ነበር፤ በአማርኛ ውኃውን ራሱን ወደ መጥራት ዞረ፤ ከዚያም የከተማዋ ስም ሆነ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስፋፉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘው በቀድሞው ደሴት ላይ ነው፤ መነኮሳቱ በታንኳ ይሻገሩ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ እንኳ “መርሶ” ወይም “መርሳ” አልተባለም። የሐይቅ ታንኳ መልሕቅ የሚፈልግ ሳይሆን ዳር ላይ ተስቦ የሚወጣ ነውና ቃሉ ሥራም አያገኝም ነበር።

እንዲያው በነገራችን ላይ፣ ደሴንም “ደሴት” ከሚለው ጋር የሚያያይዙ አሉ። የከተማዋ የራሷ ትረካ ግን ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ታላቁ ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ሠፍረው ሳለ ከ“ደስታ” ወስደው ስም አወጡላት ይባላል።


የአሰብ መንገድ፦

ሁለታችሁም ስለ ቃሉ የሰጣችሁት ትንታኔ ጠቃሚ ነው። እኔ መጽሐፍ ያልገባ ነገር ልጨምር። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አሰብ ድረስ እንጭን በነበረበት ዘመን፣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጅቡቲ፣ በወደብ ሠራተኞች አፍ የምንሰማው “ሚና” ነበር እንጂ “መርሳ” አልነበረም። ደረሳ እንዳሉት ነው፤ ክሬኑና መጋዘኑ ያለበት ሚና ነው። መርከቦች ተራ እስኪደርሳቸው ከመድረኩ ርቀው መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ፤ በቃሉ ትርጉም ከሄድን መርሳው ያ ነው ማለት ነው።

ያ መቆም ዋጋ እንዳለውም ልንገራችሁ። ዕቃ ለማራገፍ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ የመርከብ ባለቤቱ የሚያስከፍለው “ዴመሬጅ” ይባላል፤ አስመጪዎቻችን ግን ቃሉን አስፍተው ኮንቴይነር ዘግይቶ ለመመለሱ የሚከፈለውንም፣ አንዳንዴ የመጋዘን ኪራዩንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። በክርክር ጊዜ ሁለት ሰዎች “ዴመሬጅ” እያሉ ስለ ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች ሲጨቃጨቁ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መምህር፣ የባሕር ቃል ወደ ወሎ ተራራ መውጣቱ ግን እንዲያው የማይሆን ነገር ተደርጎ እንዳይወሰድ እሻለሁ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት። ኮንቴይነሩ በመልቲሞዳል ሲመጣ፣ ሰነዱ ከመነሻ አገር ጀምሮ እስከ ደረቁ ወደብ ያለውን የባሕርና የየብስ ጉዞ በአንድነት ይሸፍናል፤ ጉምሩኩም የሚፈጸመው እዚያው ነው። አንዲት ጀልባ የማይቆምበት ስፍራ ወደብ ተብሎ በመንግሥት ወረቀት ተጽፏል። ይህ ስም እንዴትና በማን እንደ ወጣ ግን ሁሉም ያውቃል፤ የመርሳ ከተማ ስም እንዲህ ያለ ታሪክ ቢኖረው ኖሮ ነጋዴ የሆነ ሰው ያስታውሰው ነበር ባይ ነኝ።


የሐብሩ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። መርሳ በደጋውና በቆላው መገናኛ ላይ ያለች ናትና ከአፋር በኩል ጨው የጫኑ ግመሎችና ከደጋ የሚወርዱ እህል ጫኞች የሚገናኙበት አካባቢ ነው። መርሳ ፋጥማ ራሷ ከአፋር ምድር ጋር የተያያዘች ናት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጣሊያኖች የዳሎልን ፖታሽ ወደ ባሕር ለማውጣት ባቡር የዘረጉት ወደ እርሷ ነበር። እንግዲህ የጠረፍ ነጋዴዎች የግመል ማደሪያን በምሳሌ “መርሳ” ብለው ሊጠሩ አይችሉም ነበርን?


ደረሳ ነበርኩ፦

ይቻላል ብሎ መናገር አይከብድም፤ ሆኖም ሁለት ነገር ይቃወመዋል። አንደኛ፣ ዐረብኛ ለጓዝ ማውረጃና ማደሪያ የራሱ ቃላት ሞልተውታል፤ “መንዚል” አንዱ ነው፤ ግመል ለሚነዳ ሰው ከአፉ የሚቀድመው እርሱ እንጂ የመርከበኛ ቃል አይደለም። ሁለተኛ፣ “መርሳ” የስፍራ ስም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዘርፍ ይከተለዋል፤ የፋጥማ፣ የዐለም፣ የሸይኽ በርጉስ ይባላል። በባሕር ዳር መቆሚያ ብዙ ነውና የማን ወይም የምን መቆሚያ እንደሆነ መለየት ግድ ነው። የእኛዋ ግን ብቻዋን “መርሳ” ናት።

በዚህ ላይ ወሎ ከዐረብኛ የወሰደው ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ይመልከቱ። ደረሳ፣ ሐድራ፣ ዱዓ፣ መንዙማ፣ መስጊድ እንላለን፤ እነዚህ በትምህርትና በኢባዳ (በአምልኮ) በር የገቡ ናቸው። ከመርከበኛ አፍ በቀጥታ ተራራ የወጣ ቃል ከእነዚህ መካከል አላገኝም።


ከከሚሴ፦

ውይይቱን ከመጀመሪያ ጀምሬ ስከታተል አንድ በር ሳይንኳኳ መቅረቱ ገረመኝ። ዐረብኛውንም ግእዙንም መረመራችሁ፤ በወሎ ምድር ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚነገረውን ኦሮምኛን ግን አንድም ሰው አላነሣውም።

በአፋን ኦሮሞ “መርሱ” ማለት መክበብ፣ ዙሪያውን መያዝ፣ መጠቅለል ነው። ከእርሱ የሚወጣው “መርሳ” ዙር፣ ክብ፣ የተከበበ ነገር ማለት ይሆናል፤ ዛሬ በትምህርትና በስፖርት “የመጀመሪያ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር” ለማለት የሚያገለግለው ይኸው ቃል ነው። ድምፁም ያለ ችግር ይገጥማል። የኦሮምኛው አጭር “አ” ወደ አማርኛ ሲገባ ግእዝ ፊደል ይሆናል፤ ከሚሴና ገዳ የሚሉትን ስሞች በአማርኛ እንዴት እንደምንጽፋቸው ማየት ይበቃል። መጨረሻው ላይ ያለው ረጅም “አ” ደግሞ ራብዕ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ኦሮምኛው አማርኛ ላይ ሲደርስ “መርሳ” ይሆናል፤ አንዲት ፊደል ማስተካከል አያስፈልግም።

ዐረብኛውም በድምፅ ይገጥማል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ስለዚህ ድምፅ አይፈርድም። የሚፈርደው በዚያ አገር ማን ይኖር እንደ ነበርና ስፍራው ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ለባሕር ቃል ባሕር ያስፈልገዋል፤ ለ“መክበብ” ግን ጋራ ይበቃዋል፤ ከምዕራብ በኩል የደጋው ገደል የሚወርድበት አገር ደግሞ ጋራ አያጣም።


ዘሐይቅ፦

የከሚሴው ወንድማችን ያነሡት ከእስካሁኑ ሁሉ የሚሻል ነው፤ እኔም በዐረብኛው ላይ አስቀድመዋለሁ። ቃል በጥንቃቄ ካልተመረመረ ምን እንደሚያስከትል እዚያው መንገድ ላይ ያለችው ውጫሌ ታስተምራለች፤ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ግሥ አልገጥም ብሎ ነው ነገሩ ወደ ዐድዋ የሄደው።

መምህር፣ አሁን ሊጣራ የሚገባው ስሙ በመጀመሪያ የምን እንደ ነበር ነው። የጋራው ነበርን? የወንዙ? ወይስ ገበያ የሚቆምበት ሜዳ? “የተከበበ” የሚለው ትርጉም ለሜዳ ይስማማል፤ ለወንዝ ግን “የሚዞር፣ የሚጠማዘዝ” ወደ ማለት ይሄዳል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በተጨማሪም በቆዩ የግብርና የርስት ወረቀቶች ላይ ስሙ እንዴት እንደ ተጻፈ ማየት ይጠቅማል፤ “መርሳ” ነው ወይስ “ማርሳ”? ዘርፍ የተከተለው ቢገኝ የደረሳ ሁለተኛ ክርክር ይላላል።


የሐብሩ ልጅ፦

የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ ሀጂዎቹንም ቀሳውስቱንም፣ በዚሁ ጥያቄ እቀርባቸዋለሁ። ለተማሪዎቼ ግን ከአሁኑ የምነግራቸው አለኝ፤ በቀይ ባሕሩ ካርታ ላይ ያሉት መርሳዎች የመርከብ መቆሚያ ማለት እንደሆኑ፣ የእኛዋ ግን በዚህ ስም ሌላ ቤተሰብ ሊኖራት እንደሚችል። ከከሚሴ የጻፉት ወንድሜ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ በእርስዎ አካባቢ “መርሳ” ብቻውን፣ ወይም ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮ፣ የመንደር ወይም የጋራ ስም ሆኖ የሚነገርበት ቦታ አለ?


ከከሚሴ፦

ግሡን በየዕለቱ እንናገረዋለን፤ አጥርም እህልም ሲከበብ ያው ነው። የመንደር ስሞቹን ግን ከአባቶች ጠይቄ፣ ስማቸውን ከነጋራቸው ጽፌ እዚሁ አመጣለሁ።